ተንሸራታች መስኮትን ባለበት ስለሚያቆም መያዣ

ባሕር ዳር ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ወደ አሉሚኒየም ቤት ሲሄድ ስለ መስታወቱ ቀለም፣ ስለ አሉሚኒየሙ ውፍረትና ስለ ቁልፉ ጥንካሬ በደንብ አድርጎ ይጠይቃል፤ ዋጋም የሚከራከረው በእነዚሁ ላይ ነው። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት፣ ሳይዘጋም፣ መሐል ላይ ሲቆም ምን ይዞት እንደሚቆም የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ በእንጨትና በአሉሚኒየም ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ሊጠገኑ ከሚመጡልን ተንሸራታች መስኮቶች የብዙዎቹ ችግር ከመስታወቱም ከክፈፉም ሳይሆን ከዚህች ትንሽ መያዣ አለመኖር የመጣ ሆኖ አገኘዋለሁ። ቁልፍ መስኮቱን የሚይዘው ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ሰው ግን አብዛኛውን ቀን የሚውለው በከፊል ከተከፈተ መስኮት ጋር ነው።

ነገሩ በሐይቅ ዳር ከተማ የበለጠ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱም ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው። ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ በውሃው ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ሊተካ ወደ የብሱ ይነፍሳል፤ ከተማችን ደግሞ በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ስለተቀመጠች ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከውሃው ወደ ቤታችን ይመጣል። ሌሊት የብሱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት በሽምብጥም ሆነ በሐይቁ ዳር ባሉት ሌሎች ሰፈሮች መስኮት ዘግቶ መቀመጥ አይቻልም፤ እስከ መጨረሻው ከከፈቱት ደግሞ መጋረጃው ይራገባል፣ ወረቀት ይበተናል፣ በር ይማታል። ስለዚህ የሚፈለገው ክፍተት የአንድ ጭብጥ ወይም የአንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው፤ በዚያው ልክ ላይ እንዲቆም የሚያደርገው ነገር ደግሞ በመስኮቱ ላይ የለም።

ተንሸራታች መስኮት ሁለት ዓይነት ነው፤ ወደ ጎን የሚሄድና ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ። የሁለቱ ችግር ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

በከተማችን የበዛው ወደ ጎን የሚሄደው የአሉሚኒየም መስኮት ነው። የዚህ መዝጊያ ክብደቱን በሙሉ የሚያሳርፈው ከሥሩ ባሉት ትንንሽ ጎማዎች አማካይነት በሐዲዱ ላይ ስለሆነ፣ መያዣው የሚቋቋመው ኃይል በጣም ትንሽ ነው። ሃያ ኪሎ ግራም የሚመዝን መዝጊያ በአንድ ሜትር ርዝመት 1 ሳንቲሜትር ብቻ ባዘቀዘቀ ሐዲድ ላይ ቢቀመጥ፣ ወደ ታች የሚስበው ኃይል የ200 ግራም ዕቃ ክብደት ያህል ነው። ሆኖም ይህ ትንሽ ኃይል አያርፍም። ጎማው አዲስና ጥሩ በሆነ መጠን መዝጊያው በቀላሉ ይሸሻል፤ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ደግሞ በክረምት አፈሩ ሲያብጥ፣ በበጋ ሲሰነጣጠቅ ግድግዳው ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ፣ ሲገጠም በውሃ ልክ የተስተካከለ ሐዲድ ከዓመታት በኋላ ሊያዘቀዝቅ ይችላል። በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። በሰከንድ 15 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእኛ ከፍታ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር መስታወት ላይ የ11 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ያሳርፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ጫናው መስታወቱን የሚገፋው ከፊት እንጂ በሐዲዱ አቅጣጫ ስላልሆነ መዝጊያውን በቀጥታ አያንሸራትተውም፤ ነገር ግን በቦዩ ውስጥ ባለው ክፍተት ወዲያና ወዲህ እያንቀጠቀጠ ቀስ በቀስ ወዳዘቀዘቀው ጎን ይወስደዋል። ሌሊት ሲንኳኳ የሚሰማውም ይኸው መዝጊያ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ የምመርጠው መያዣ በሐዲዱ ጠርዝ ላይ እንደ ኮርቻ የሚቀመጥ፣ በጣት በሚጠመዘዝ ብሎን የሚጠብቅ ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። የሚሠራው ቀላል ነው፤ ከባዱ ነገር መጠኑን ማወቅ ነው። የሐዲዱ ጠርዝ ስስ ስለሆነ የብሎኑ ጫፍ በቀጥታ ካረፈበት ይሰረጎዳል፤ ጎማውም ከዚያ በኋላ በዚያች ጉድጓድ ላይ ሲያልፍ ይዘላል። በብሎኑና በሐዲዱ መካከል ጠፍጣፋ ናይለን ወይም ጎማ መግባት አለበት፤ ብሎኑም በመፍቻ ሳይሆን በእጅ ብቻ መጥበቅ አለበት። አንዳንድ ሠራተኞች ሐዲዱን በድሪል በስተው ፒን ያስገባሉ። ይህም ይሠራል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ከፒኑ ሰፋ ማለት አለበት፤ ምክንያቱም 2 ሜትር ርዝመት ያለው አሉሚኒየም ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ በ1.4 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ጠዋት ልክክ ብሎ የገባው ፒን ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ከሰዓት በኋላ አልወጣም ሊል ይችላል። ልጆች ባሉበት ፎቅ ቤት ክፍተቱ ከ10 ሳንቲሜትር እንዳያልፍ አድርጌ እገጥመዋለሁ፤ በሌሎች አገሮችም ለልጆች ጥበቃ የተለመደው ልክ ይኸው ነው።

ስለዚሁ መስኮት አንድ ነገር ልጨምር፤ ከመያዣው ጋር የተያያዘ ነውና። ወደ ጎን የሚሄድ መዝጊያ ሲገጠም መጀመሪያ ወደ ላይኛው ቦይ ከፍ ተደርጎ ይገባና ከዚያ በታችኛው ሐዲድ ላይ ይቀመጣል። በዚያው መንገድ ደግሞ ይወጣል። በከፊል ተከፍቶ በመያዣ የቆመ መስኮት ከውጭ ከፍ ተደርጎ መነቀል ከቻለ መያዣው ለሌባ ምንም ማለት አይደለም። መዝጊያው ከገባ በኋላ በላይኛው ቦይ ውስጥ ትርፍ ክፍተቱን የሚሞላ ቁራጭ በቪት ማሰር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን ሳያደርግ የሚሄድ ገጣሚ ሥራውን አልጨረሰም ብዬ ነው የማምነው።

ወደ ላይ የሚከፈተው መስኮት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህኛው መያዣው የሚሸከመው የመዝጊያውን ሙሉ ክብደት ነው። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ባለ 4 ሚሊሜትሩ 10 ኪሎ፣ ባለ 6 ሚሊሜትሩ 15 ኪሎ ነው፤ የእንጨቱ ክፈፍ ሳይቆጠር። በእንግሊዝ አገር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በተስፋፋው አሠራር ይህ ክብደት የሚያዘው በሌላ ክብደት ነው፤ በመቃኑ ውስጥ በግራና በቀኝ ክፍት ሣጥን ይሠራና፣ ከመዝጊያው የተነሣ ገመድ በፑሊ ላይ ዞሮ የብረት ወይም የእርሳስ ድብልብል ያንጠለጥላል። እያንዳንዱ ድብልብል የመዝጊያውን ክብደት ግማሽ ይመዝናል፤ ታችኛው መዝጊያ በታችኛው መቃን ላይ እንዲረጋ ድብልብሎቹ ትንሽ ቀለል፣ ላይኛው መዝጊያ ከላይ እንዲጠጋ ደግሞ ትንሽ ከበድ ይደረጋሉ። ሰው በጣቱ ገፍቶ ባሻው ከፍታ ላይ የሚተወው መስኮት ነው፤ እጅግ ያማረ ሥራ ነው። በኋላ ድብልብሉን ሞላ ተካው። ሞላ ሲሳብ ኃይሉ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በቱቦ ውስጥ የተጠማዘዘ ዘንግ አስገብተው ያንን ልዩነት ያካክሱታል። እኛ ዘንድ ግን በ15 እና በ20 ሳንቲሜትር ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ የድብልብል ሣጥን የሚሆን ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ በቀጥታ የሚይዝ መያዣ ያስፈልገናል።

ከሐይቁ ዳር ዓሣና ቡና የሚሸጥበት አንድ ቤት አለ። ምግብ የሚቀበሉበት መስኮት ከዋንዛ የተሠራ፣ ወደ ላይ የሚነሣ፣ ከነመስታወቱ 15 ኪሎ የሚሆን መዝጊያ ያለው ነው፤ የሠራው ሰው ምንም መያዣ ስላላበጀለት በባሕር ዛፍ ዱላ እየተደገፈ ነበር የሚውለው። አስተናጋጆቹ ሳህን የሚቀበሉት ከዚያ ሥር እጃቸውን አስገብተው ነው። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፤ መያዣ ልሥራልዎት ስላቸው፣ «ልጄ፣ ዱላው ቢሰበር ሌላ ዱላ አለ፤ ያንተ ብረት ቢሰበር ማን ይጠግንልኛል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ሥራውንም የወሰነው ያ ጥያቄ ነው። «እማማ፣ የትኛውም ብየዳ ቤት ሊያወጣው በሚችለው ብረት ብቻ ነው የምሠራልዎት» አልኳቸው።

ሁለት ምርጫ ነበረ። አንደኛው ከመሐሉ ወጣ ብሎ የተበሳ ክብ ብረት በመዝጊያው ጎን ላይ ማንጠልጠል ነው። መዝጊያው ሊወርድ ሲል ክቡ ዞሮ መቃኑን ይጫነዋል፤ ክብደቱ በጨመረ መጠንም መጨበጡ ይጨምራል፤ በማንኛውም ከፍታ ላይ ያቆማል። እንዲሠራ ግን ክቡ መቃኑን የሚነካበት ነጥብ ከመዞሪያው ዝቅ ማለት አለበት፤ ከመዞሪያው ወደዚያ ነጥብ የሚሳለው መስመር ከአግድመቱ ጋር የሚሠራው ማዕዘንም ትንሽ መሆን አለበት፤ በብረትና በእንጨት መካከል ያለው ሰበቃ፣ ማለትም መንሸራተትን የሚከለክለው ኃይል፣ ሁለቱን ከሚያጫናቸው ኃይል 0.3 ገደማ ከሆነ ማዕዘኑ 16 ዲግሪን ማለፍ የለበትም። ይህ ለመኝታ ቤት መስኮት ጥሩ ነው። ዘይትና ቅባት በሚበርበት ዓሣ ቤት ውስጥ ግን ሰበቃ የሚታመን ነገር አይደለም፤ አንድ ቀን መቃኑ ቅባት ከነካው ያ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። የሰው እጅ ከሥሩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ብረት በብረት ላይ ተደግፎ መቆም አለበት የሚል አቋም አለኝ።

ስለዚህ ጥርስ ያለው ዘንግ መረጥሁ። አምስት ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ጠፍጣፋ ብረት ሁለት ዘንግ ተቆርጦ በየ3 ሳንቲሜትሩ ጥርስ ወጣለት፤ የጥርሱ ላይኛው ፊት አግድም፣ ታችኛው ፊት ዘቅዛቃ ነው። ዘንጎቹ በመቃኑ ግራና ቀኝ ታሰሩ፤ በመዝጊያው ላይ ደግሞ በየጎኑ አንድ አንድ ምላስ ተገጠመ። መዝጊያው ሲነሣ ምላሱ በዘቅዛቃው ፊት ላይ እየተንሸራተተ ቀጭ ቀጭ እያለ ያልፋል፤ ሲለቀቅ አግድሙ ፊት ላይ ያርፋል። ከእጅ ቢያመልጥ እንኳ ከ3 ሳንቲሜትር በላይ አይወድቅም። አስራ አምስት ኪሎ ከ80 ሳንቲሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚያሳርፈው ጉልበት ከ3 ሳንቲሜትር ሲወድቅ ከሚያሳርፈው ከ26 እጥፍ በላይ ነው፤ በጣት ላይ የሚያደርሰውን ልዩነት ለማሰብ ሌላ ስሌት አያስፈልግም።

ጊዜ የወሰደው ግን ማስለቀቂያው ነው። አንዱ ምላስ ከሌላው ቀድሞ ከለቀቀ መዝጊያው ወደ አንድ ጎን ያጋድልና በቦዩ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ምላሶች በአንድ አግድም ዘንግ ተያያዙ። ዘንጉን የሚያዞረው ማንሻ ከእጀታው ሥር ተደረገ፤ መዝጊያውን ለማውረድ የፈለገ ሰው እጀታውን ይጨብጣል፣ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ በዚያው ጭብጥ ማንሻውን ይስባል። በዚህ አኳኋን ምላሱ በሚለቅበት ቅጽበት ክብደቱ አስቀድሞ በሰውዬው እጅ ላይ ነው። ምላሱን ወደ ጥርሱ የሚገፋ ሞላ አለ፤ ሞላው ቢሰበርም ምላሱ በራሱ ክብደት ወደ ጥርሱ እንዲያጋድል ተደርጎ ነው የተንጠለጠለው። ቀለም የሚቀባው የባለ ጥርሱ ዘንግ ጀርባ ብቻ ነው፤ የጥርሱ አግድም ፊት ቀለም ከተቀባ ጥርሱ ይሞላና ምላሱ ጫፍ ላይ ብቻ ያርፋል።

ከዋንዛው ጋር የሚሄድ አንድ ጥንቃቄም አለ። እንጨት በክረምት እርጥበት ሲጠጣ የሚያብጠው በወርዱ እንጂ በቁመቱ አይደለም፤ ስለዚህ መዝጊያውና መቃኑ በሚገናኙበት በየጎኑ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ ምላሱም ያንን ክፍተት አልፎ ጥርሱ ላይ ቢያንስ አንድ ሳንቲሜትር መግባት አለበት። በበጋ ተለክቶ ልክክ ተደርጎ የተገጠመ መዝጊያ በሐምሌ ላይ ይጣበቅና ሰው በጉልበት ሲያነሣው ምላሱ ይታጠፋል።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ በመብራት እየተሳበ በመስኮቱ ላይ ይሞታል፤ ከአቧራው ጋር ተደባልቆ የታችኛውን ቦይና የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ በዚህ የተሞላ ሐዲድ ላይ መያዣው የሚጨብጠው አሉሚኒየሙን ሳይሆን ቆሻሻውን ነው። ከሰኔ በፊትና ከመስከረም በኋላ ቦዩን በደረቅ ቡሩሽ ጠርጎ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። እንጨት በእንጨት ላይ በሚሄድበት ቦታ ሻማ ይታሻል፤ በምላሱ መዞሪያ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይደረጋል፤ በሚጨብጠው ፊት ላይ ግን፣ በክቡም ሆነ በሐዲዱ መያዣ፣ ዘይት በምንም ምክንያት አይነካም። ብሎኖቹ ከነፋሱ ንቅናቄ የተነሣ ስለሚላሉ በዚያው ጊዜ አንድ በአንድ በእጅ ተነክተው መታየት አለባቸው፤ በተደጋጋሚ የሚላላ ካለ ከሥሩ የሞላ ዋሸር ማስገባት ነው።