በተቆለፉ የተማሪ ላፕቶፖች ላይ ነፃ ሶፍትዌር እንዴት አስጫንን

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ለተማሪዎች ላፕቶፕ ያውሳል። ተማሪው ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፤ ግን ምንም ነገር መጫን አይችልም። የአድሚን ፓስወርዱ ያለው አንድ ባለሙያ ጋ ብቻ ነው። ከፍላሽ የሚነሳ ፕሮግራምም አይከፈትም። ይሄ ሁሉ ባልከፋ። የባሰው አብሮ የመጣው የጽሑፍ ፕሮግራም የሙከራ ጊዜው ማለቁ ነው። ፋይል ያሳያል እንጂ አያስጽፍም። መማሪያ መጽሐፉ ስለ ሰነድ አዘገጃጀት ያስተምራል፤ ልጆቹ ግን መለማመጃ የላቸውም።

«ቲቸር፣ ክራክ እናምጣ?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። አልፈቀድኩም። ክራክ ማለት ሳይከፈልበት እንዲሠራ የማናውቀው ሰው የነካካው ፕሮግራም ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱን እንድናጠፋ ነው። እዚህ ደግሞ ሥራው ሁሉ በፍላሽ ነው የሚሄደው። ከፔዳ በር አካባቢ ፕሪንት ቤት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤት። አንዱ ከተበከለ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ወደ ባለሙያው ሄድኩ። «ፓስወርዱን ከሰጠሁህ በሳምንቱ ላፕቶፑ ሁሉ ጌም ብቻ ይሆናል» አለኝ። ልክ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልሰጥም። «ፓስወርዱ አንተው ጋ ይሁን። ዝርዝሩን እኔ አመጣለሁ፣ የምትጭነው አንተ ነህ» አልኩት። ነገሩን የቀየረው ይሄ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ንግግራችን ስለ ቁልፉ መሆኑ ቀረና ስለ ፕሮግራሞቹ ሆነ።

ዝርዝሩ አንድ ገጽ ነበር። ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጎን ለየትኛው ትምህርት እንደሚያስፈልግ፣ ፈቃዱ ምን እንደሚልና ከየት እንደሚወርድ ጻፍኩ። ለጽሑፍና ለስሌት ሊብረኦፊስ፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ በራሱ ማኅበረሰብ የሚሠራ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው። ፓይተን ለሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ቶኒ፤ ኢስቶኒያ ውስጥ በታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች ተብሎ የተሠራ ነው። ለሥዕል ኢንክስኬፕ። ለሒሳብ ጂኦጀብራን ጨመርኩ፤ እሱ ግን ለትምህርት በነፃ ይሰጣል እንጂ ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ስላልሆነ ይሄንኑ ለይቼ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ እንዲፈርሙበትም አደረግሁ። ፊርማው ባለሙያውን ከኃላፊነት ጭንቀት ገላገለው።

ኪዊክስን በተለይ አጥብቄ ነው የጠየቅሁት። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም ነው። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ ጉግል ላይ ብቻ የተመሠረተ የቤት ሥራ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ ለእነዚህ ላፕቶፖች አይሆንም። ግን በዘርፍ የተከፋፈሉ ትንንሽ ፋይሎች አሉ። የአማርኛው ደግሞ በጣም ቀላል ነው። አንዴ ዋይፋይ ካለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማዳረስ ይቻላል።

የወረደው ሁሉ ከየፕሮግራሙ ከራሱ ድረ ገጽ ነው። በድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው የሻ-256 ቁጥር ጋርም አስተያየነው፤ ቁጥሩ ፋይሉ እንዳልተነካካ ማረጋገጫ ነው። አሰልቺ ቢሆንም መዝለል አያስፈልግም፤ ባለሙያው እኛን ማመን የጀመረው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ተጫነ፣ ልጆች ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ለሌሎቹ ሆነ።

ትልቁ ራስ ምታት የመጣው ከአማርኛ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው የቆየ የፈተና ፋይል አብዛኛው ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የጋራ መለያ ቁጥር ከሚሰጠው መስፈርት) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ጸሐፊዎች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በለመዱት ቀጥለዋል። ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቅልቅል ይሆናል። ሰው ይሄን ሲያይ «ሊብረኦፊስ አማርኛ አያነብም» ይላል። በየትኛውም ፕሮግራም ቢከፈት ግን ያው ነው። አዲሱን ሁሉ በዩኒኮድ፣ በኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት እንድንጽፍ ተስማማን። ለመጻፊያ ኪማን ተጫነ፤ እሱም ኦፕን ሶርስ ነው።

ሁለት ማስተካከያዎች ብዙ ቅሬታ አስቀርተዋል። አንደኛው፣ ሊብረኦፊስ ሲያስቀምጥ በራሱ ፎርማት ስለሆነ ፕሪንት ቤት አንዳንዴ አይከፍቱትም። ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድ/ሴቭ፣ ጄኔራል ውስጥ ገብቶ ሁልጊዜ በዎርድ ፎርማት እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው። ለፕሪንት ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ ይበልጣል። ሌላው፣ ቪው ውስጥ ዩዘር ኢንተርፌስ ላይ ታብድ የሚለውን መምረጥ ነው። መልኩ መጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር ይቀራረባል፣ ተማሪውም አይደናገርም። «ነገ ሥራ ሲይዙ የሚጠብቃቸው ዎርድ ነው» ያሉ ወላጅ ነበሩ። ስጋታቸው ይገባኛል። ስታይል፣ ሠንጠረዥና ፎርሙላ የገባው ልጅ ግን ሌላው ላይም አይቸገርም።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያው ጥቅምት 2018 ላይ ቆሟል። ከላፕቶፖቻችን አንዳንዶቹ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ስለዚህ ከባለሙያው ጋር በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም እየሞከርን ነው። አማርኛው ይሠራል፣ ሊብረኦፊስም አብሮት መጥቷል። የቀረን የትምህርት ቤቱን ፕሪንተር ማስለመድ ነው።