512 ባይት

ሰኔ 28 ቀን ነው። ቢሮው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ጠሩኝና «ኮምፒውተሬ ሞልቷል፤ እስቲ ቦታ አስፋልኝ» አሉኝ። በበጀት መዝጊያ ሳምንት የሒሳብ ክፍል ማሽን እንደማይነካ ያኔ ማን ነግሮኝ!

ዲስኩን ሳየው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ከዊንዶውስ 7 ጎን ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጭኖበታል። የሚከፍተው ሰው ስለሌለ ኡቡንቱ ያለበትን የዲስክ ክፍል (ፓርቲሽን) አጠፋሁና ሪስታርት አደረግሁ። ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ መጣና ቀጥ አለ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ግራብ ለካ ጅማሬው ብቻ ነው በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተሮች (ትንንሽ የዲስክ ቁራጮች) ላይ ያለው፤ የቀረው እኔ ባጠፋሁት ፓርቲሽን ውስጥ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ በዊንዶውስ ዲቪዲ አስነስቶ የዊንዶውስን የማስነሻ ኮድ እንደገና የሚጽፈውን ቡትሬክን ከፊክስ ኤምቢአር ጋር ማዘዝ። ዲቪዲው የት እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ አብሮ ከተገዛው መንትያ ማሽን የመጀመሪያውን ሴክተር 512 ባይት እንዳለ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ፣ ዲዲ በሚባለው የመቅጃ ትእዛዝ ቀድቼ የእትዬ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት።

ከዚያ ሴክተር የማስነሻው ኮድ 440 ባይት ብቻ ነው። ቀጥሎ የዲስኩ መለያ ቁጥር አለ፤ ከ446 ባይት በኋላ ያለው 64 ባይት ደግሞ የትኛው የዲስክ ክፍል ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚያሳየው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ነው። እኔ የሌላ ቤት ቁልፍ ከነካርታው ነው ያመጣሁት። መንትያው ዲ ድራይቭ የለውም፤ የእትዬም ዲ ጠፋ። በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር የተሠራው የዓመቱ ሒሳብ እዚያ ነው። ባክአፑስ? እሱም ዲ ላይ!

እትዬ ሻይ ይዘውልኝ መጡ። «ደረሰ?»

«ትንሽ ይቀረዋል።»

በሊኑክስ ፍላሹ የጠፋ ፓርቲሽን የሚፈልገውን ቴስትዲስክን ከፍቼ አናላይዝ፣ ከዚያ ኩዊክ ሰርች አልኩት። ዲ ከነስሙ ብቅ አለ። የፒ ቁልፍን ስጫን ፋይሎቹ ተደርድረዋል። ያኔም አላመንኩም፤ መጀመሪያ የፒችትሪውን ፎልደር ወደ ውጭ ዲስክ ቀዳሁ፣ ከዚያ ነው ሰንጠረዡን እንዲጽፍ ራይት ያልኩት። መለያ ቁጥሩ ስለተቀየረ ዊንዶውስ አሁንም አልነሳ አለ፤ ከአንድ ወዳጄ ሱቅ በተዋስኩት ዲቪዲ ስታርትአፕ ሪፔር የሚባለው የዊንዶውስ መጠገኛ አስተካከለው። አሮጌውን ሴክተር አስቀድሜ ፍላሽ ላይ አስቀምጬው ቢሆን ኖሮ ዲን መመለስ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነበር። ዛሬ ሳላስቀምጥ የማንንም ዲስክ አልነካም።

አመሻሹ ላይ እትዬ ፒችትሪያቸውን ከፍተው ሒሳባቸውን አዩ።

«ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ቦታ ሳሰፋልዎት!»