ጭስ ያፈነው ሰው ሲመጣ ከደሙ ምን እንደምፈልግ

የደም ኦክስጅን ለመለካት ጣት ላይ የምትሰካዋ ማሽን 98 ስታሳይ ቤተሰብ እፎይ ይላል። ባለሙያም አንዳንዴ እፎይ ይላል። ጭስ ላፈነው ሰው ግን ያቺን ቁጥር ብቻዋን አትመኑ። ከከሰልም ሆነ ከቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሄሞግሎቢን ላይ፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን ላይ፣ የሚጣበቀው ከኦክስጅን በ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ነው። ማሽኗ ደግሞ ኦክስጅን የተሸከመውንና መርዙን የተሸከመውን ደም ስለማትለይ ሁለቱንም አንድ ላይ ደምራ ደህና ነው ትላለች። እውነቱ የሚታወቀው ደም ተቀድቶ ካርቦክሲሄሞግሎቢን፣ ማለትም መርዙን የተሸከመው ሄሞግሎቢን፣ ስንት በመቶ እንደሆነ ሲለካ ነው።

የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ባለ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። እዚህ ሶፋ ቤቱ፣ ብረታ ብረቱ፣ ጋራዡ ሁሉ አጥር ለአጥር ተደጋግፎ ነው የሚሠራው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የሚተኛ አይጠፋም። ስለዚህ ጭስ ያፈነው ሰው እኛ ጋ ብርቅ አይደለም። ካርቦክሲሄሞግሎቢን የሚለካ ማሽን ግን የለንም። ታዲያ ባለን ነገር ምን እናድርግ ብለን ከድንገተኛ ክፍሏ ሲስተርና ከሐኪማችን ጋር ቁጭ ብለን ተመካከርንና አንድ አሠራር አወጣን።

አሠራሩ በደንብ የተፈተነው አንድ የሶፋ ቤት ልጅ የመጣ ጊዜ ነው። ከጎናቸው ብየዳ እየተበየደ ፍንጣሪው ስፖንጅ ክምር ላይ ያርፋል፣ ልጁ ጨርቅ ለማትረፍ ይገባል፣ ጭሱ ውስጥ ይቆያል። በባጃጅ ነው ያደረሱት። አፍንጫው ውስጥ ጥቀርሻ አለ፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ ሲያስል አክታው ጥቁር ነው። ማሽኗ ግን 97 ትላለች። እናቱ እየሮጡ ደርሰው "የኔ ልጅ፣ ይተርፍልኛል?" አሉኝ። "አይዞዎት እማማ፣ ኦክስጅን ላይ ነው፣ ደሙን ልቀዳ ነው" አልኳቸው።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ለደም ተብሎ ኦክስጅን አንድ ደቂቃ አይዘገይም። ሲስተር ከረጢት ያለውን ማስክ ፊቱ ላይ እያጠበቀች እኔ በሌላኛው ክንዱ እቀዳለሁ። ለካርቦክሲሄሞግሎቢን የግድ ከደም ቅዳ መውሰድ አያስፈልግም፤ ከክንድ የደም መልስ የተቀዳው ይበቃል። ባለ ወይን ጠጅ ክዳኑን ቲዩብ እሞላዋለሁ፣ በደንብ እዘጋዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ጋዙ በተዘጋ ቲዩብ ውስጥ ቶሎ አይጠፋም። ማሽኑ ያለው መሀል ከተማ ቢሆንም ቲዩቡ ከታካሚው ጋር በአምቡላንስ ሄዶ እዚያ መለካት ይችላል። ማሽን የሌለን ቦታ ላይ ሆነን ትልቁን ሥራ የሠራንበት ዘዴ ይሄ ነው።

ቲዩቡ ላይ ከስሙ ሌላ ሦስት ሰዓት እጽፋለሁ፦ ከጭሱ የወጣበት፣ ኦክስጅን የተጀመረበት፣ ደም የተቀዳበት። ያለነዚህ ውጤቱ ምንም አይናገርም። ተራ አየር እየተነፈሰ ላለ ሰው መርዙ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይበቃዋል። የልጁ ደም ሆስፒታል ደርሶ ሲቀዳ 4 በመቶ ነበር። ያንን ብቻ ያየ ሰው ቀላል ነው ብሎ ያልፈዋል። እኛ የቀዳነው ቲዩብ ሲለካ 14 በመቶ ወጣ። ሲጋራ የማያጨስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 በመቶ በታች ነው፣ ብዙ የሚያጨስ እስከ 10 ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ታጨሳለህ ወይ የሚለውም ቅጻችን ላይ አለ።

ሁለተኛው ላክቴት ነው፣ ሴሎች ኦክስጅን መጠቀም ሲያቅታቸው ደም ውስጥ የሚበዛ ነገር፤ የሚቀዳውም በባለ ግራጫ ክዳኑ ቲዩብ ነው። እዚህ ላይ አቀዳዱ ራሱ ውጤት ያበላሻል። ክንዱን አስሮ ረጅም ጊዜ መቆየት የለም፣ "እጅህን ጨብጥ፣ ዘርጋ" ማለት የለም። ከተቀዳ በኋላም ወዲያው ወደ በረዶው፣ የደም ሴሎቹ ቲዩቡ ውስጥም ሆነው ላክቴት ማምረታቸውን አያቆሙምና።

ላክቴት ከጭስ ጋር ምን አገናኘው? ስፖንጅ፣ ናይለን፣ ሱፍ ሲቃጠሉ ሳይናይድ የሚባል ሌላ መርዝ ይወጣቸዋል፤ እሱም ሴሎች ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ ላክቴት ይጨምራል። የሳይናይድ ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ሕክምናው አይጠብቅም። በፈረንጆቹ 1991 በፓሪስ የእሳት አደጋ ተጎጂዎች ላይ የወጣ ጥናት ግን ከባድ ቃጠሎ የሌለበት ሰው ላክቴቱ በሊትር 10 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይናይድ እንደሚያስጠረጥር አሳየ። አሁን ከ8 ጀምሮ የሚጠረጥሩ ሐኪሞች አሉ። ጤነኛ ሰው ከ2 በታች ነው። የልጁ 6 ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ራሱም ላክቴት ከፍ ስለሚያደርግ 6 ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፣ ግን የተቃጠለው ስፖንጅ መሆኑን ስለምናውቅ ሐኪማችን ቀድሞ ሆስፒታሉ ደውሎ ነገራቸው። ለሊቱን እየደጋገሙ ለኩለት፣ ሊነጋ ሲል ወደ 2 ወረደ። "ምን ተቃጠለ?" የሚለውን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ መልሱን ግን አብሮ ከመጣው ሰው በስተቀር ማንም አያውቀውም።

ለላብራቶሪ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ለሳይናይድ የሚሰጠው ሃይድሮክሶኮባላሚን ደማቅ ቀይ ነው። ቆዳውንም ሽንቱንም ያቀላል፣ በቀለም የሚለኩ ምርመራዎቻችንንም ያዛባል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ደም መቀዳት አለበት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መርዙ ነው። ሳንባው ራሱስ? እኔ ደም ስመረምር የምውል ሰው ነኝ፣ ግን ሳንባው ይሄን ያህል ተጎድቷል ብሎ ቁርጡን የሚነግር አንድ የደም ምርመራ የለም። የሰውነት መቆጣትን የሚያሳየው ሲአርፒም ነጭ የደም ሴልም ከፍ ይላሉ፤ በቆዳ ቃጠሎም በኢንፌክሽንም ከፍ ይላሉ። ከደም ቅዳ የሚወሰደው የጋዝ ምርመራ የተሻለ ነው፣ ሳንባው ኦክስጅን ምን ያህል እያሳለፈ እንደሆነ ያሳያል፤ ሲሪንጁ ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ግን ቁጥሩ ይሳሳታል። ራጅ መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሆኖ እብጠቱ ከአንድ ቀን በኋላ ሊመጣ ይችላል። የልጁ ጎርናና ድምፅ ከኔ ቲዩቦች ሁሉ ይበልጥ ነበር፣ የመተንፈሻ ቧንቧው ሊያብጥ እንደሚችል የሚናገር ምልክት ነውና። እንዲህ ያለ ሰው የላብራቶሪ ውጤት ተቀምጦ አይጠብቅም፣ ይሄዳል።

ለሳንባው ቀረብ የሚሉ ነገሮችም እየተጠኑ ነው። ሲሲ16 የሚባለው ፕሮቲን የሚመረተው በትናንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ሴሎች ነው፤ ጭስ ግድግዳውን ሲያሳሳው ወደ ደም ያፈተልካል። ኩላሊት ስለሚያስወግደው ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ግን ያሳስታል። በፈረንጆቹ መስከረም 2001 የኒውዮርክ መንትያ ሕንጻዎች ከፈረሱ በኋላ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ደም ተወስዶ ተቀመጠ፤ ከዓመታት በኋላ ያንን ደም የመረመሩ ተመራማሪዎች የማን የሳንባ አቅም እንደሚወርድ ቀድመው የሚጠቁሙ ምልክቶች አገኙበት። ይሄ ሥራ በጣም ያጓጓኛል። እኛ ጋ ግን ገና የተለመደ ምርመራ አይደለም።

ልጁ ከሳምንታት በኋላ ከእናቱ ጋር ተመልሶ መጣ። ሲአርፒው ወርዷል፣ የደም ሴሎቹ ቆጠራ (ሲቢሲ) ደህና ነው። እማማ "ተመስገን፣ ደሙ ነጻ" አሉ። እሱ ግን የሶፋ እንጨት ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። "እማማ፣ ደሙ መርዙ መውጣቱን ነው የነገረን፤ ሳንባውን ለማወቅ ትንፋሹ ይለካ" ብዬ ከሐኪማችን ጋር ወደ ስፓይሮሜትሪ ላክነው። ቧንቧው ጠቦ ተገኘ። የሚሳብ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ሲስተር አሳሳቡን አጠገቡ ቆማ አሳየችው። ከዚያ ወዲህ ቅጻችን ላይ የስፓይሮሜትሪ ቀጠሮ የሚጻፍበት መስመር ጨምረናል፣ እሱም በሚቀጥለው ወር እንደገና ይነፋል።