«ጋሼ፣ ዛሬማ ሞቅ ብሏል!»

ካናዳ፣ ኦታዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራችን የአውሮፕላን ክንፍ ላይ የተጋገረውን በረዶ ማጠብ ነው። አዲስ ሰው ሁሉ የሚፈራው ቁጥሩን ነው፤ ማይነስ 28 ሲባል ይደነግጣል፣ ማይነስ 1 ሲባል ጃኬቱን ይከፍታል። እኔ ግን ማይነስ 28ን ነው የምወደው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ በረዶውም እንደ ዱቄት ደረቅ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በመጥረጊያ ይሄዳል። ፊትን ሸፍኖ፣ ጓንት ደርቦ መሥራት ብቻ ነው።

አንድ ሌሊት ከኤድመንተን የመጣ ያገራችን ልጅ አብሮኝ ተመደበ። ብርድ አይቼ ጠግቤያለሁ ባይ ነው። ስልኩን አየና «ጋሼ፣ ዛሬማ ሞቅ ብሏል!» አለኝ። ማይነስ 1 የሚለውን አይቶ ከሥሩ የተጻፈውን አላነበበም። ፍሪዚንግ ሬይን ይላል፤ ያረፈበት ላይ ወዲያው የሚረጋ ዝናብ ማለት ነው።

ከላይ ሞቃት አየር ይመጣና የሚወርደውን በረዶ ያቀልጠዋል። ከሥር ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚገፋው ብርድ አየር የኦታዋ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ አልነሣም ይላል። ጠብታው ይህን ስስ ብርድ ሲያልፍ መልሶ ለመርጋት ጊዜ ስለማያገኝ፣ ከዜሮ በታች ሆኖም ውኃ እንደሆነ ይወርዳል። የሚረጋው ክንፍ ሲነካ ነው። የትንበያ ባለሙያዎችንም የሚያስቸግራቸው ይኸው ነው፤ ያ ብርድ ትንሽ ወፈር ቢል የሚወርደው ጠጠር በረዶ፣ ትንሽ ሞቅ ቢል ተራ ዝናብ ይሆናል።

ልጁ መብራት አብርቶ ክንፉን አየና «እርጥብ ነው እንጂ በረዶ የለውም» አለ።

«እስቲ እጅህን አሳርፍበት» አልኩት።

ከማጠቢያ መኪናው ቅርጫት ጎንበስ ብሎ ሲነካው ጓንቱ ተንሸራተተ። በዓይን የማይታይ፣ ጥርት ያለ በረዶ ክንፉን ከዳር እስከ ዳር ለብሶታል። እዚህ አገር ይህን ማንም አያቃልለውም። በማርች 1989 እዚሁ ኦንታርዮ፣ ድራይደን ላይ በረዶ የያዘ ክንፍ ይዞ የተነሣ አውሮፕላን ወድቆ 24 ሰው ሞቷል።

ብርቱካናማውን ሙቅ ፈሳሽ ረጭተን አጠብነው፤ በላዩ ወፍራሙን አረንጓዴ ደረብንበት። ካፒቴኑ ሊነሣ ሲል ዝናቡ ጠነከረ። ዝናቡ ቀላል ከሆነ ፈሳሹ ክንፉን ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ በሰንጠረዥ ተቀምጧል፤ መካከለኛና ከባድ ሲሆን ግን ሰንጠረዡ ላይ ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። አውሮፕላኑ ተመለሰ። በኋላ እንደሰማነው አንዱ መንገደኛ «ባለፈው ሳምንት በዚያ ሁሉ ብርድ በሰዓቱ በረን የለም እንዴ!» ብሎ ሠራተኞቹን ሲጮህባቸው ነበር። እሱም እንደኛ ልጅ ቁጥሩን ብቻ ነው ያየው።

ረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ፕላስ 1 ሆነ። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው፣ መርጋቱን ግን ተወ። ሌሊቱን ቆመው ያደሩትን በሙሉ አንድ በአንድ ማጠብ ጀመርን። ሺፍታችን ካለቀ ቆይቷል።

«ጋሼ፣ ኦቨርታይም ይታሰብልናል አይደል?» አለኝ ልጁ፣ ዓይኑን ከክንፉ ላይ ሳይነቅል።