ጎለምን ጅብ የበላው ድሬዳዋ ላይ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ ተከታታይ መጽሐፍ የምታነቡ ከሆነ፣ ከየትኛው እንደምትጀምሩ የሚወስንላችሁ ደራሲው አይደለም። አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ነው። የኔ ደንበኛ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ላስቲክ ዘርግቶ ይሸጣል። አንዴ የሃሪ ፖተርን አምስተኛ ያመጣል፣ ከወራት በኋላ ሁለተኛውን፤ ሰባቱም አንድ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። ናርኒያ የሚባሉትን የሲ. ኤስ. ሉዊስ ተከታታይ መጻሕፍት ያነበብኩበትን ቅደም ተከተል ባልናገር ይሻላል። ናርኒያ ላይ እንኳን ሰውየውን አልወቅሰውም፤ ባለቤቶቹም አልተስማሙበት። በ1950 መጀመሪያ የወጣው የአንበሳው ታሪክ ነበር (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፤ ኋላ ግን በታሪኩ ዘመን እንደርድራቸው ተባለና በ1955 ስድስተኛ ሆኖ የወጣው መጽሐፍ ላይ አንድ ቁጥር ተለጠፈበት። የኔ ደንበኛ ከነሱ በምን ያንሳል?

የቶልኪንን «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ያገኘሁትም እሱ ጋ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው በላስቲክ ታስረው።

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው የለም። አራተኛው ግን ይመጣል።»

«አራተኛ የለውም እኮ። ሦስት ነው።»

«አቦ አንተ ደግሞ! ይመጣል አልኩህ፣ ወላሂ።»

ነገሩ ቶልኪን ራሱ ሦስት አድርጎ አላሰበውም። ለሱ አንድ ረጅም መጽሐፍ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት ስለተወደደ ነው አሳታሚው ለሦስት ከፍሎ በ1954 እና በ1955 ያወጣው። ያኔ ወረቀት ባይወደድ ኖሮ እኔ ላይ ይሄ ሁሉ ጉድ አይመጣም ነበር።

የድሬን ቀትር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሱቁ ይዘጋል፣ አስፋልቱ ይለሰልሳል፣ ውሻው እንኳን ከቆመ ባጃጅ ሥር አይወጣም። የኛ ጀመዓ ለገሃሬ አካባቢ አንድ ቤት፣ ፍራሽ ላይ ይሰበሰባል። ታይዋን ገበያ ጫማ የሚሸጥ አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ከሐረር የመጣ ልብስ ሰፊ አለ። ከሁሉም በላይ ግን ጋሼ አሉ። ጋሼ የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ሥራቸው ትኬት መቆጣጠር ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው ከተማችን የተቆረቆረችው፣ ጋሼ ይህንን ሲያወሩ ግን ሐዲዱን ራሳቸው ያነጠፉት ነው የሚመስላችሁ። ፈረንሳይኛቸው እስካሁን አልዛገም። ይህቺን ፈረንሳይኛ ያዙልኝ፣ በኋላ ጉድ ታፈላብኛለች።

እነሱ ይጫወታሉ፣ እኔ ጥግ ይዤ አነባለሁ፤ ልማዳችን ይሄ ነበር። አንድ ቀን ባለባጃጁ «ብቻህን የሚያስቅህ ምንድን ነው? ለኛም ንገረን እንጂ» አለ። ነገርኳቸው። ሆቢት የሚባሉ ትንንሽ ሰዎች አሉ፣ አንደኛው እጅ ላይ ክፉ ቀለበት ገብቷል፣ ቀለበቱ የሚጠፋው በተሠራበት እሳተ ገሞራ ውስጥ ሲጣል ብቻ ነው፣ እሳተ ገሞራው ደግሞ ያለው የጠላት አገር መሃል። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመኝ። ማን ያስቁማቸው ልበል እንጂ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «እሺ፣ ከዋሻው ወጡ?» ይሉኛል።

ምርቃና ላይ ያለ አድማጭ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁሉም በየሙያው ነው የሚመጣባችሁ። ጫማ ሻጩ ሆቢቶች ባዶ እግራቸውን እንደሚሄዱ ሲሰማ ክፉኛ አዘነ። እግራቸው ጠጉራም ነው፣ ውስጥ እግራቸው የጠነከረ ነው፣ አያስፈልጋቸውም ብዬ ባስረዳውም አልተዋጠለትም። «አገር ሙሉ ሕዝብ ጫማ የለውም? አንድ ነጋዴ እንኳን አልደረሰበትም?» ባለባጃጁ መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነና ዳገት እንዳለው ይጠይቃል። የጋሼ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ባቡር የለም?»

«የለም ጋሼ። የጥንት ዘመን ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

እርግጠኛ ነበርኩ እኮ! መልሼ ሳገላብጥ ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ ቢልቦ የሚባለው ሆቢት ልደት ድግስ ላይ፣ ርችቱ ዘንዶ ሆኖ እንደ ፈጣን ባቡር አለፈ ይላል። ቶልኪን ራሱ ነው የጻፈው። ለጋሼ አነበብኩላቸው። ትራሳቸውን አስተካከሉ፣ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን፣ ከዚያ «ባቡር ሳይኖር እንዴት ባቡር መሰለ?» አሉ። ምን ይመለሳል? ደራሲው በ1892 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ብሉምፎንቴይን መወለዱን ስነግራቸውማ ነገሩ አለቀ። «አፍሪካዊ ነዋ! እንደዛ በለና!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ቶልኪን የሰፈራችን ሰው ሆነ። ገና በሦስት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ መወሰዱን አልነገርኳቸውም። ምን ያደርግላቸዋል?

ሁለተኛው መጽሐፍ የት ላይ እንደሚያልቅ ያነበበ ያውቀዋል። ያ ጎለም የሚሉት ከሲታ፣ ቀለበቱ አንዴ እጁ ገብቶ አሳብዶት የቀረው፣ መንገድ ላሳያችሁ ብሎ ቀለበቱን የያዘውን ሆቢት ፍሮዶንና አሽከሩን ሳምን የግዙፍ ሸረሪት ዋሻ ውስጥ ከተታቸው። ፍሮዶ ተነደፈ። ሳም ጌታው የሞተ መስሎት ቀለበቱን ይዞ ሊሄድ ሲል የጠላት ጭፍሮች፣ ኦርኮቹ፣ መጥተው ፍሮዶን አንስተው ወሰዱት። ያኔ ነው ሳም የሰማው፤ ለካ አልሞተም። ሮጠ። በሩ ፊቱ ላይ ተዘጋ። መጽሐፉም ተዘጋ።

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ምን ማለት ነው አለቀ?»

«የሚቀጥለው ሦስተኛው ላይ ነው። ሦስተኛው የለኝም።»

በርጫ ላይ እንዲህ ያለ ዝምታ አይቼ አላውቅም። ልብስ ሰፊው ወደ አፉ የወሰዳትን ቀንበጥ መልሶ አስቀመጣት። የዚያን ዘመን እንግሊዞችም ከ1954 ኖቬምበር እስከ 1955 ኦክቶበር ጠብቀዋል እኮ፣ ታገሱ፣ ብዬ ላጽናና ሞከርኩ።

«እነሱ መቼ ይቅማሉ?» አለ ባለባጃጁ።

ጫማ ሻጩ ጭራሽ አላመነኝም። አንብበኸዋል፣ እየተኮራህብን ነው፣ ሰው እንዲለምንህ ፈልገህ ነው አለ። አላነበብኩትም ብል የሚሰማኝ የለም። ቀጠልኩ። ከራሴ።

መጀመሪያ ሳውሮንን፣ ዋናውን ጠላት፣ በጎርፍ ላስወስደው አስቤ ነበር። ደረቅ አሸዋማ ወንዝ፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደጋ ላይ ሌሊት የዘነበ ዝናብ... ተውኩት። በኛ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ያደረገውን የሚያውቅ ሰው፣ ድሬ ላይ ተቀምጦ ጎርፍ ለጨዋታ አያመጣም። ስለዚህ ሌላ የምናውቀውን ነገር መዘዝኩ። ኮንትሮባንድ።

ሳም ፍሮዶን አስመለጠ፣ ሁለቱም የኦርክ ልብስ ለበሱ፣ ነጋዴ መስለው የጠላት አገር ሞርዶር ገቡ። በየመንገዱ ኬላ አለ። ፈታሾቹ ኦርኮች ናቸው። ቤቱ ተነቃነቀ! ሁሉም ልምዱን ያዋጣ ጀመር፤ ልምዱን ከየት አመጣችሁት ብዬ አልጠየቅኩም። ቀለበቱ ፓስታ ካርቶን ውስጥ ይደበቅ፣ የለም ፓስታማ መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው፣ ትርፍ ጎማ ውስጥ ይሁን፣ ምን መኪና አላቸውና ነው ጎማ። በመጨረሻ ጫማ ሻጩ አሸነፈ፤ ሶል ውስጥ።

«ባዶ እግራቸውን ናቸው እኮ» አልኩት።

«ይግዙ!»

ገዙ። ሳም ታይዋንን የሚመስል ገበያ ገብቶ ተከራክሮ ገዛ፤ ክርክሩ ብቻውን አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ዋጋውን ጫማ ሻጩ ነበር የሚነግረኝ። ሳም ትንሽ አስቀነሰ ስል ይቆጣል፣ በዚህ ዋጋማ አይወጣም ይላል።

ልብስ ሰፊው ደግሞ ጎለምን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥምድ አድርጎ ይዞታል። ከሃዲ ነው፣ ቅጣቱን ሳያገኝ አያልፍም ባይ ነው። ይሄ ሰው ሐረር ውስጥ፣ ማታ ማታ ከጁገል ግንብ ውጭ ለጅብ በእጅ፣ አለፍ ሲልም በአፍ በተያዘ እንጨት ሥጋ ሲጎረስ እያየ ያደገ ነው። «ለጅብ ስጠው» አለኝ። እኔም ደክሞኝ ነበር፣ ስንቱን ልያዘው? ጅቡ መጣ፣ ጎለምን በላው፣ አጥንቱን እንኳን አላስተረፈም። ልብስ ሰፊው ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ።

ቀሪው ቀላል ሆነ። ተራራው ላይ ወጡ፣ ሳም ሶሉን በቢላ ቀደደው፣ ቀለበቱን ወረወረው፣ ተፈጸመ። ጭብጨባ በጭብጨባ። ጋሼ ብቻ አላጨበጨቡም። ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያዩኝ። ዕድሜ ልካቸውን ያለ ትኬት የተሳፈረ ሰው ፊት ሲያዩ የኖሩ ናቸውና ተመቻችቼ መቀመጥ አቃተኝ።

የጋሼ ሴት ልጅ ጅቡቲ ናት። ደውለው አስልከዋል፣ እኛ አልሰማንም። ከጊዜ በኋላ አንድ ቀን ቢጫ ፌስታል ይዘው ገቡ። መነጽራቸውን አደረጉ። የፌስታሉን ቋጠሮ ሳይበጥሱ፣ በጥፍራቸው፣ ቀስ ብለው ፈቱት። ሦስተኛው መጽሐፍ! በፈረንሳይኛ። ዳር ዳሩ በጣት ብዛት ጠቁሯል፣ ጀርባው በፕላስተር ተጠግኗል፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ለዕልባት የገባች የጫት እንጨት ብቅ ብላለች። አንብበው ጨርሰውታል።

«አንተ ልጅ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ጅብ የበላው ሰውዬ እሳቱ አፋፍ ላይ ምን ይሠራል?»

ቬንትሌተሩ እየዞረ ላብ በላብ ሆንኩ። ያላነበባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን መጽሐፉ ከወጣ 70 ዓመት ሞልቶታል። አፋፉ ላይ ፍሮዶ ቀለበቱን አልጥልም ይላል። ዘሎ ጣቱን ከነቀለበቱ በጥርሱ የሚቆርጠው ጎለም ነው። በደስታ ሲቦርቅ አዳልጦት ከነቀለበቱ እሳቱ ውስጥ የሚገባውም ጎለም ነው። ጎለም ከሌለ ታሪኩ አያልቅም። እኔ ደግሞ ለጅብ ሰጥቼዋለሁ።

«አንደኛው መጽሐፍ ላይ» አሉ ጋሼ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ሽማግሌው፣ ጋንዳልፍ፣ ይሄ ፍጡር ከመጨረሻው በፊት የሚሠራው ሥራ ይኖረዋል አላለም? የነገርከን አንተው ነህ። ሥራ ያለበትን ሰው ለጅብ ይሰጣሉ?»

«ጋሼ፣ ልብስ ሰፊው ነው እኮ...»

«እኔን እንዳትነካኝ!» አለ ልብስ ሰፊው። ግንባሬን የሳመው ሰውዬ!

ጋሼ ግን ፍትሐዊ ናቸው። እውነተኛው መጽሐፍ ላይም ፍሮዶና ሳም የኦርክ ልብስ ለብሰው ሲሄዱ የኦርክ ጭፍራ ይደርስባቸዋል፣ ከነሱ መስሏቸው በግድ ያሰልፏቸዋል። «እዚህ ጋ ቀርበሃል» አሉኝ።

«ጫማውስ?» አለ ጫማ ሻጩ በተስፋ።

«ጫማ የሚባል የለም።»

ጫማ ሻጩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የፈረንሳይኛውን መጽሐፍ አልተቀበለውም። የተሳሳተ ትርጉም ነው ይላል። ባለባጃጁም ደግፎታል፤ ይሄን ሁሉ መንገድ በእግር ተለፍቶ መጨረሻው አዳልጦት ነው? ያስቃል እንዴ? ልብስ ሰፊው ግን እሳቱን ሲሰማ ከጋሼ ጋር ሆነ፣ ከጅቡ ይልቅ ይሄ አንጀቱን አራሰው። ጀመዓው ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ወገን የተስማማው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ እኔ ከተራኪነት መውረድ አለብኝ። ጋሼ ቦታዬን ያዙ። እኔ በሩ ጋ፣ ቴርሞሱ አጠገብ ተመደብኩ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሻይ ይቀዳል።

ጋሼ አንድ መስመር አይዘሉም። ቀለበቱ ጠፍቶ፣ ንጉሡ ነግሦ፣ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ገብቶ እንኳን ከኋላ ያለውን ተጨማሪ ክፍል ማንበብ ጀመሩ። የዘር ሐረጉን፣ የዘመን ቆጠራውን ሁሉ። እኔ ድሮ እንዲህ ያለውን እዘል ነበር፣ አሁን ግን ሻይ ቀጂ ነኝና ምን አገባኝ። በዚህ መሃል ነው የሆቢቶች አቆጣጠር ላይ የደረሱት። 12 ወር ነው። እያንዳንዱ ወር እኩል 30 ቀን። የተረፉት ቀናት ከየትኛውም ወር ውስጥ አይገቡም።

ቤቱ በአንድ አፍ «ጳጉሜን!» አለ።

ጳጉሜናቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ዓመቱ መሃል፣ ግማሹን ዓመቱ ጫፍ ላይ ማዋላቸው ትንሽ ቅር አሰኝቷል፤ ጫማ ሻጩ ሳይቀር ግን ያን ቀን ለመጽሐፉ እጁን ሰጠ። ጋሼ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አስተኝተው «አፍሪካዊ ነው አላልኩም?» አሉ። በሦስት ዓመቱ እንደሄደ ልናገር አፌ ድረስ መጣ። ሻይ ቀዳሁ።

ያ ካለቀ በኋላ ሌላ አምጣ አሉኝ። የጆርጅ ማርቲንን ነገርኳቸው፤ ዙፋን፣ ዘንዶ፣ በረዶ። አንደኛው በ1996 ነው የወጣው፣ አምስተኛው በ2011።

«ስድስተኛውስ?» አሉ ጋሼ። አሁን ተምረዋል፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው።

«ደራሲው ገና አልጨረሰውም።»

«በፈረንሳይኛም የለም?»

«በየትኛውም ቋንቋ የለም ጋሼ።»

«ጅቡቲም?»

«ጅቡቲም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ጫማ ሻጩን አዩት፣ እሱ ባለባጃጁን አየው፣ ባለባጃጁ እኔን።

«እንግዲያው ከዚያ በር ሥር ተነስና ወደዚህ ና» አሉኝ። «አምስቱን በደንብ ንገረን፣ ስድስተኛው ላይ እንተያያለን። ጅብ ግን እንዳታመጣ።»

«እነዚህኞቹ ጫማ ያደርጋሉ?» አለ ጫማ ሻጩ።

«ያደርጋሉ።»

«በል ጀምር።»