ስለ መልካ ቁንጡሬ ሰዎች ስጽፍ የሰረዝኳቸው ቃላት

የምኖረው ጀሞ ነው። በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ከያዝኩ አዋሽ ዳር ያለው፣ የጥንት ሰዎች ቅሪት የተገኘበት መልካ ቁንጡሬ ቅርብ ነው፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ወደ ጢያ ስሄድ ስንቴ በዚያ አልፌያለሁ፣ አንድም ቀን ግን ወርጄ አላየሁትም ነበር። በ2016 ዓ.ም. ባልጩት ከሚባለው ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ልቦለዴን ጀምሬ ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቅ ስለ ድንቅነሽ ነበር። እሳት ዳር ተቀምጣ በባልጩት ድንጋይ ሥጋ ስትቆርጥ ጻፍኩ። ትዕይንቱን በጣም ወድጄው ነበር። ግን ድንቅነሽ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ አፋር ውስጥ ነው፤ እሳት ማንደድ ከእሷ እጅግ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። ስድስት ምዕራፍ ጣልኩ። እንዲህ ያለ ልቦለድ የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ አንድ ቦታና አንድ ዘመን ምረጡና ከዚያ አትውጡ።

እኔ የመረጥኩት እዚያው መልካ ቁንጡሬ ያለውን ጎምቦሬን ነው፣ ከ700,000 ዓመት በፊት። ምክንያቴ የእግር ዱካ ነው። ጭቃው ላይ የአዋቂም የሕፃናትም ዱካ ቀርቶ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ሸፍኖት ተገኝቷል። እዚያው የድንጋይ መሣሪያ አለ፣ የጉማሬ አጥንትም አለ። አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ጉማሬ ሲበልቱ ልጆቹ አብረዋቸው ውሃ ዳር ነበሩ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ስለ አዳኝ ጀግና ልጽፍ ያሰብኩትን ትቼ ታሪኩን ለአንዲት ሕፃን ሰጠኋት። እናቷ ድንጋይ ስትጠርብ እሷ ምን ታደርጋለች? ጭቃ ታቦካለች፣ ሰፈራችን ክረምት ሲገባ ልጆቹ እንደሚያደርጉት።

ከሁሉ ያስቸገረኝ አማርኛው ነው። ታናሽ እህቴ ረቂቁን አንብባ፣ "ጋሼ፣ ክንዱ እንደ ብረት ጠነከረ ብለሃል፤ ብረቱን ከየት አመጡት?" አለችኝ። ደነገጥኩ። ቁጭ ብዬ ገጽ በገጽ ስለቅም ለካ ቋንቋችን የገበሬ፣ የከብት አርቢና የሸማኔ ነው። ጥጥ የመሰለ ደመና፣ እንደ በሬ የሚጎትት ጎልማሳ፣ ወገቧን ታጥቃ የተነሳች እናት፤ ምኗን ነው የታጠቀችው? ሳምንትና ሰዓት፣ መስከረምና ጥቅምትም ወጡ፤ በእነሱ ቦታ አዋሽ ሲሞላና ሲጎድል ገባ። ሰርዤ ሰርዤ የተረፈልኝ የሰውነት ቃል ነው። ሆዷ ባባ፣ ጉልበቷ ራደ፣ ዓይኗ ቀላ። እነዚህን ማንም ሊነጥቀኝ አይችልም፣ ሰው ሰውነት ካለው ጀምሮ እውነት ናቸውና። ባልጩትም ተረፈ። ያ መስታወት የመሰለ ጥቁር ድንጋይ የራሱ የአማርኛ ስም አለው፣ የሚገኝበት ቦታም በስሙ ይጠራል። ቃሉን በጻፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ ወደ ቦታው ሄድኩ፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ነው፣ ስለዚህ ሌሊቱ ብርድ ነው። እኔ ግን ሰዎቼን እንደ ቆላ ሰው ሜዳ ላይ አስተኝቻቸው ነበር። ኅዳር ላይ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ ግቢያችን ውስጥ ያለ ጋቢ ተቀመጥኩና የማደሪያውን ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩት። እሳት ልስጣቸው አልስጣቸው ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ ተቃቅፈው እንዲያድሩ፣ ሕፃኗም መሃል እንድትሆን አደረግኩ።

ንግግራቸውን አሳጠርኩት። ለልጅቷም ስም አላወጣሁላትም፤ እናቷ ምላሷን ጠቅ እያደረገች ትጠራታለች፣ እሷም ዞር ትላለች። አሁን የቀረኝ አመዱ የሚወርድበት ምዕራፍ ነው። አመዱ ሲወርድ ጭቃው ላይ የሚኖረው ዱካዋ ብቻ ነው፣ ልጅቷ ቀድማ መሄድ አለባት። በየት በኩል እንደምትሄድ ገና እያሰብኩ ነው።