«አንድ አንድ ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ»

ማዘዣው ላይ የሰፈረው «ፕሮጄስትሮን 200 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ» የሚል ብቻ ነበር። ፕሮጄስትሮን ማህፀንን ለፅንስ የሚያዘጋጅ ሆርሞን ነው። በየት በኩል እንደሚወሰድ ግን አልተጻፈም። ፋርማሲስቱ እንደ ማንኛውም እንክብል «አንድ አንድ ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ብሎ ጽፎበት ሰጠ፤ ታካሚዋም በውሃ ዋጠችው። ለማሳሳት የተመቸ መድኃኒት ነው፤ ይህ ለስላሳ እንክብል በአፍም በብልትም የሚሰጠው ያው አንዱ ነው።

ሴትዮዋ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ የተቀመጠ ፅንስ ማህፀኗ ውስጥ ለመቀበል እየተዘጋጀች ነበር። ሽፋን በሚያወፍረው ሆርሞን፣ በኤስትሮጅን፣ የማህፀኗ ውስጠኛ ሽፋን 9 ሚሊሜትር ደርሷል፤ ፕሮጄስትሮን በጀመረች በስድስተኛው ቀን ፅንሱ እንዲገባላት ቀጠሮ ተይዟል። በአራተኛው ቀን የተወሰደው የደም ምርመራ ፕሮጄስትሮኗን 14 ናኖግራም በሚሊሊትር አለ። ጥሩ ቁጥር ነው፣ ማንም አልጠረጠረም። ነርሷ ውጤቱን በስልክ ስትነግራት ግን፣

«እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ግን ይሄ መድኃኒት እንቅልፍ በእንቅልፍ አደረገኝ፤ ከወሰድኩት በኋላ ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው» አለቻት።

«በየት በኩል ነው የምትወስጂው እህቴ?»

«እንዴት በየት? እውጠዋለሁ እንጂ!»

እንቅልፉ ነው ያጋለጠው። የተዋጠ ፕሮጄስትሮን ከአንጀት ቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ እዚያ አብዛኛው ተለውጦ ያልቃል፤ ሳይለወጥ ወደ ደም የሚያልፈው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ከተለወጡት አንዱ አሎፕሬግናኖሎን ይባላል፤ አንጎል ላይ እንደ ማስተኛ መድኃኒት ይሠራል። 14 የሚለው ቁጥርስ? በየላቦራቶሪው የተለመደው በፀረ እንግዳ አካል የሚለካው ዘዴ እነዚህን ቅሪቶች ከዋናው ሆርሞን አጥርቶ ስለማይለይ አብሮ ይቆጥራቸዋል። ወረቀቱ ሞልቷል ሲል ማህፀኑ ጾሙን ሊያድር ይችላል።

በብልት በኩል ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ላይ በጡንቻ መርፌ የወሰዱት ሴቶች ደም ውስጥ 70 ገደማ ናኖግራም በሚሊሊትር ሲገኝ፣ በብልት በወሰዱት 12 ገደማ ብቻ ነበር። ከማህፀን ሽፋን በተቆረጠው ናሙና ግን በብልት የወሰዱት ስምንት እጥፍ በለጡ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በቀዶ ሕክምና የወጡ ማህፀኖች ደም እየተዘዋወረባቸው ሲሞከሩ፣ አብሮ በወጣው የብልት ጫፍ ላይ የተደረገው ሆርሞን ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ ማህፀኑን አዳርሷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ተብሎ የሚታሰበው ከብልቱ ላይኛ ክፍል የሚመለሰው የደም ሥር ወደ ማህፀን ከሚሄደው ጋር ጎን ለጎን ተጣብቆ ማለፉ ነው፤ ሆርሞኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለዚህ እንክብሉ ጣት እስከደረሰ ድረስ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ብልቱ መግቢያ ላይ ከቀረ ይህን ጥቅም ያጣል። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል መጋደም ነው። በኋላ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ በአብዛኛው የእንክብሉ ዘይት ስለሆነ «ፈሰሰብኝ» ብሎ ሌላ መጨመር አያስፈልግም።

ይህ ሲባል ደሙ ላይ ያለው ቁጥር ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ባለ ዝግጅት የራሷ እንቁላል ስለማይወጣ ከሰውነቷ የሚመነጭ ፕሮጄስትሮን የለም፤ ያላት መድኃኒቱ ብቻ ነው፤ በብልት ብቻ የሚወሰደውም ላይበቃ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ሙከራ ላይ በብልት ብቻ ከወሰዱት 27 በመቶ ሲወልዱ፣ በየቀኑ መርፌ ከተወጉት 44፣ በብልት እየወሰዱ በየሦስተኛው ቀን መርፌ ከጨመሩት 46 በመቶ ወልደዋል። መርፌው በዘይት የተበጀ ስለሆነ ያማል፣ ያቆስላል፤ ጠርሙሱን በእጅ አሙቆ፣ በወፍራም መርፌ ስቦ፣ በቀጭኑ መቀመጫው ላይኛ የውጭ ጥግ ላይ፣ ጎን እየቀያየሩ መውጋት ይሻላል።

የሷ ፅንስ ገና ከፈሳሽ ናይትሮጅን አልወጣም ነበርና ቀጠሮው ተሰረዘ። ሽፋኑ ሆርሞኑን መቼ እንዳገኘ ካልታወቀ ስድስተኛው ቀን የት እንደሚውል መቁጠር አይቻልም። መድኃኒቶቹን አቁማ፣ የወር አበባዋ መጥቶ፣ ዝግጅቱ ከዜሮ ተጀመረ። ማዘዣው ላይ «በብልት በኩል፣ አይዋጥም» የሚል በቀይ ተጨመረ፤ ነርሷም በሁለተኛው ቀን ደውላ በየት በኩል እንደምትወስደው እንድትጠይቅ ተደረገ።

ሴትዮዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀሩት 20 እንክብሎች ይጣሉ ወይ? አይጣሉም፣ ያው ናቸው ተባለች።